የአንዲት ዕለት ታሪክ፦ ፌብሩዋሪ 11 በቢትልስ የሙዚቃ ጓድ ዘመን

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)




ዕለትን ለይቶ መዘከር ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ወር በገባ በሰባት፣ በአሥራ ሁለት፣ በሃያ አንድ እያለ ቀን የሚቆጥር፣ ማኅበር የሚጠጣና ዝክር የሚያወጣ ሕዝብ፣ አንዲት ቀን ዞራ በተመለሰች ቁጥር ያለፈውን ከዛሬው ጋር ለማነጻጸር ምክንያት እንደምትሆን ያውቃል። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህንኑ ልማድ ወደ ሙያው መስክ ማምጣትና የአንድ ዝነኛ የሮክ ሙዚቃ ጓድ ታሪክ በአንዲት ዕለት መስኮት አሾልቆ ማሳየት ነው። ጓዱ ከእንግሊዝ አገር፣ ከሊቨርፑል ከተማ የተነሣው ቢትልስ ነው። ዕለቲቱም ፌብሩዋሪ 11 ናት።

ፌብሩዋሪ 11 በኢትዮጵያ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ የካቲት 4 ቀን ላይ ትውላለች፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት ግን የካቲት 3 ትሆናለች። ከዚህ በታች ዓመቱ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ይነገራል፤ አስፈላጊ በሆነበት ቦታም የኢትዮጵያው ቀን አብሮ ይጠቀሳል።

ስለ ቢትልስ የሚጽፉ ሰዎች ዘወትር የሚያነሷቸው ሌሎች ቀኖች አሉ። በአሜሪካ ቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ የታዩበት ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1964፣ ለትኬት ገዢ ሕዝብ የመጨረሻውን ዝግጅታቸውን በሳን ፍራንሲስኮ ያቀረቡበት ኦገስት 29 ቀን 1966 ከእነዚህ መካከል ናቸው። ፌብሩዋሪ 11ን ከእነዚህ የሚለያት በተመላለሰች ቁጥር ሌላ ገጽ ማሳየቷ ነው። አንድ ጊዜ የሥራ፣ አንድ ጊዜ የጉዞና የጩኸት፣ አንድ ጊዜ የሠርግ፣ አንድ ጊዜ የምርምር፣ በመጨረሻም የመለያየት ቀን ሆናለች። እነዚህ ገጾች ጎን ለጎን ሲታዩ ሙዚቃን ለሚጫወት፣ ለሚቀዳና ለሚያሰራጭ ባለሙያ ሁሉ አንድ ጥያቄ ያቀርባሉ። ጥያቄውም፦ አብረው የሚሠሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው ካልተሰማሙ ሥራው የማን ነው? የሚል ነው።

የመጀመሪያዋና ዋነኛዋ ፌብሩዋሪ 11 በ1963 ሰኞ ቀን ዋለች። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 4 ቀን 1955 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የዚያ ዓመት የብርድ ወራት በእንግሊዝ አገር በክፉነቱ ስሙ የሚነሣ ነው። ጓዱ ሄለን ሻፒሮ የምትባለውን ወጣት ዘፋኝ አጅቦ ከከተማ ወደ ከተማ ይዞር ነበር። ሁለት ቀን አስቀድሞ በሰንደርላንድ ተጫውቷል። በማግስቱም በአንድ ምሽት በሼፊልድና በኦልዳም፣ በሁለት የተለያዩ አዳራሾች እንዲቀርብ ተቀጥሯል። በመካከል የተገኘችው ባዶ ቀን ይህች ብቻ ነበረች።

ችኮላው ያለ ምክንያት አልነበረም። በጃንዋሪ ወር የወጣው ሁለተኛ ትንሽ ሸክላቸው በገበያ ላይ እየተወደደ ስለ ሄደ፣ የፓርሎፎን ሸክላ ክፍል ኃላፊ ጆርጅ ማርቲን ስሙ ሳይቀዘቅዝ 14 ዘፈን የያዘ ትልቅ ሸክላ ለማውጣት ፈለገ። አራቱ ዘፈኖች አስቀድመው በትንንሾቹ ሸክላዎች ተቀድተዋል። የቀሩት አሥሩ ነበሩ። ማርቲን በመጀመሪያ ያሰበው መሣሪያውን ወደ ሊቨርፑል አጓጉዞ፣ ጓዱ ዘወትር በሚጫወትበት ካቨርን በተባለው የምድር ቤት ክበብ ውስጥ ለመቅዳት ነበር። በኋላ ግን ነገሩን ገልብጦ የክበቡን ጨዋታ ወደ ለንደን ስቱዲዮ ማምጣትን መረጠ። ለሥራው የተመደበው ወጪ 400 ፓውንድ ገደማ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የተከፈለው በሙዚቀኞች የሠራተኛ ማኅበር ደንብ መሠረት ለሦስት ሰዓት ሥራ 7 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ነበር።

ሥራው በአቢ መንገድ በሚገኘው በኢ.ኤም.አይ. ኩባንያ ሁለተኛ ስቱዲዮ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተጀመረ። ጆን ሌነንና ሪንጎ ስታር የ22፣ ፖል ማካርትኒ የ20፣ ጆርጅ ሃሪሰን የ19 ዓመት ወጣቶች ነበሩ። ሌነን በጉንፋን ተይዞ ድምፁ ሻክሯል። በጠረጴዛው ላይ የሲጋራ ፓኬትና የጉሮሮ ከረሜላ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

በመቅረጫው ክፍል ከማርቲን ጋር የነበሩት የድምፅ ባለሙያው ኖርማን ስሚዝና ረዳቱ ሪቻርድ ላንግሃም ናቸው። የኖርማን ስሚዝ አሠራር ለዚህ ማኅበር አባላት በተለይ ሊነገር የሚገባው ነው። የዘመኑ ደንብ የእያንዳንዱ መሣሪያ ድምፅ ከሌላው ጋር እንዳይደባለቅ በመካከላቸው መከለያ ማቆም ነበር። ስሚዝ ግን ወጣቶቹን በመድረክ ላይ እንደሚቆሙት አድርጎ አቆማቸው፤ መከለያውንም አላበዛም፤ ማይክሮፎኖቹን ከማጉያዎቹ ራቅ አድርጎ ተከለ። የአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ማይክሮፎን ቢፈስ እንደ ጉድለት አልቆጠረውም፤ እንዲያውም የሚፈልገው እርሱን ነበር። የቴፕ መሣሪያው ሁለት መስመር ብቻ ስለ ነበረው፣ በአንዱ መስመር ድምፃውያኑን፣ በሌላው መሣሪያዎቹን ያዘ። ስለዚህ አንዱ ቢሳሳት የአንዱን ስሕተት ለይቶ ማረም አይቻልም፤ አራቱም እንደገና መጀመር ነበረባቸው።

በጠዋቱ ክፍለ ጊዜ ሁለት ዘፈኖች ተሠሩ። ከእነርሱም አንዱ በኋላ የሸክላው መክፈቻ የሆነው «አይ ሶው ኸር ስታንዲንግ ዜር» ነው። በዘጠኝ ጊዜ ሙከራ ውስጥ የተሻለው የመጀመሪያው ሆኖ ተገኘ። ይሁን እንጂ ማካርትኒ ጓደኞቹን ለማስነሣት ከአንድ እስከ አራት የቆጠረው ቆጠራ በዘጠነኛው ሙከራ ላይ የበለጠ ሕይወት ስለ ነበረው፣ ያ ቆጠራ ከዘጠነኛው ክር ተቆርጦ በመጀመሪያው ላይ ተቀጠለ። አድማጭ እስከ ዛሬ የሚሰማው ይህንን በምላጭ የተጋባ ድምፅ ነው።

ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን ማርቲንና የድምፅ ባለሙያዎቹ ምሳ ለመብላት ወጡ። ወጣቶቹ ግን አንሄድም፣ እንለማመዳለን አሉ። ባለሙያዎቹ ሲመለሱም ወተት እየጠጡ ሲጫወቱ አገኟቸው። ላንግሃም ከብዙ ዓመት በኋላ እንደ ተናገረው፣ በምሳ ሰዓቱ ሳያርፍ የሚሠራ ጓድ በዚያ ስቱዲዮ አይቶ አያውቅም ነበር። ከ8 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ሦስት ዘፈኖች ተጨመሩ።

ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ተጀመረ። «ሆልድ ሚ ታይት» የተባለው ዘፈን ከአሥር ጊዜ በላይ ተሞክሮ ሳይሳካ ቀረና ተተወ። ከዚያ በኋላ የሌሎች ደራስያን ዘፈኖች ተራ መጣ፤ እነዚህንም በፍጥነት ጨረሷቸው። ሪንጎ የዘፈነው «ቦይስ» በአንድ ሙከራ አለቀ። እዚህ ላይ ሊዘለል የማይገባው እውነት አለ። ከዚያ ቀን አሥር ዘፈኖች ስድስቱ የሌሎች ሰዎች ሥራዎች ነበሩ፤ ከእነዚህም አብዛኛዎቹን ጓዱ የተማረው ከጥቁር አሜሪካውያን ሸክላዎች፣ ማለትም ከአርተር አሌክሳንደር፣ ከሺሬልስ፣ ከኩኪስና ከአይዝሊ ብራዘርስ ነው። የሊቨርፑል ልጆች ዓለምን ያስደነቁበት እሳት ከሌላ ምድጃ የተጫረ መሆኑን ራሳቸውም ደብቀውት አያውቁም።

የመጨረሻው ዘፈን «ትዊስት ኤንድ ሻውት» ነበር። ማርቲን ይህንን ወደ መጨረሻ ያቆየው ሆን ብሎ ነው። ዘፈኑ ከጉሮሮ በጩኸት የሚወጣ ስለ ሆነ፣ ከእርሱ በኋላ ሌነን ሌላ ነገር ለመዝፈን እንደማይችል ያውቅ ነበር። ሌነን በወተት ጉሮሮውን አርሶ፣ ሸሚዙን አውልቆ ቆመ። የመጀመሪያው ሙከራ በሸክላው ላይ የታተመው ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ተሞከረ፤ ግን ድምፁ አልቆ ነበር። ሌነን ራሱ በኋላ ዘመን ያንን ድምፅ በመስማት ደስ እንደማይለው፣ ከዚያ የተሻለ ሊዘፍን ይችል እንደ ነበረ ተናግሯል። አድማጮች ግን በዚያ ድምፅ ውስጥ የሰሙት አንድ ሰው የቀረውን ሁሉ አውጥቶ መስጠቱን ነው። ያም በሥልጠና የሚገኝ አይደለም።

ሰዓቱ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ45 ሆነ። የዕረፍቱ ጊዜ ሲቀነስ የተሠራበት 585 ደቂቃ ነው። በፌብሩዋሪ 20 ማርቲን ብቻውን ተቀምጦ በሁለት ዘፈኖች ላይ ፒያኖና ሴሌስታ ደርቦ ቀዳ። ሸክላው ማርች 22 ቀን ወጣ፤ በሜይ ወር የአንደኛነቱን ሥፍራ ይዞ፣ የራሳቸው ሁለተኛ ትልቅ ሸክላ እስኪተካው ድረስ ለ30 ሳምንት አልለቀቀም።

ይህንን ታሪክ የሚሰማ ወጣት ባለሙያ አሥር ዘፈን በአንድ ቀን ይሠራል ብሎ እንዳይሳሳት ያስፈልጋል። ያች ቀን በአንድ ቀን አልተሠራችም። ጓዱ ከ1960 ጀምሮ በሐምቡርግ ከተማ የምሽት ክበቦች በየሌሊቱ ተጫውቷል። በመጀመሪያው ውል ግዴታው በሥራ ቀን አራት ሰዓት ተኩል፣ በሳምንቱ መጨረሻ ስድስት ሰዓት ነበር። በካቨርን ክበብም ወደ 300 ጊዜ የሚጠጋ ቀርቧል። «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአበው ቃል ለዚህ ይስማማል። ማርቲንና ስሚዝ የቀዱት በዚያ ዕለት የተፈጠረ ሙዚቃ ሳይሆን፣ በሺህ ሰዓት የተሠራና በዚያ ዕለት የተከፈተ ነው። አራቱ ሰዎች እርስ በርስ መሰማማትን ስላወቁ፣ ሲጫወቱ መስማማት አላስቸገራቸውም። በአማርኛ «መስማማት»ም «ስምምነት»ም «ሰማ» ከሚለው ግሥ የወጡ ናቸው፤ ቋንቋው አስቀድሞ የመሠከረው ይህንኑ ነው።

ልክ በዓመቱ፣ ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1964፣ ይኸውም የካቲት 3 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ጓዱ በዋሺንግተን ከተማ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት 73 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አይቷቸዋል። ከኒው ዮርክ በአውሮፕላን ሊሄዱ ታስቦ ነበር፤ ብርቱ የበረዶ ዝናም ስለ ጣለ በባቡር ተጓዙ። ማታ በዋሺንግተን ኮሊሲየም፣ ከ8,000 በሚበልጥ ሕዝብ ፊት፣ በአሜሪካ ምድር የመጀመሪያውን የአዳራሽ ዝግጅታቸውን አቀረቡ።

ኮሊሲየም ለሙዚቃ የተሠራ አዳራሽ አልነበረም። መድረኩ እንደ ቡጢ መወዳደሪያ በመካከል የቆመ ሆኖ ሕዝቡ በአራቱም ማዕዘን ከበበው። ስለዚህ በየጥቂት ዘፈኑ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ማይክሮፎኑን እያነሡ ፊታቸውን ወደ ሌላው ወገን ያዞራሉ፤ የሪንጎ ድራም የተቀመጠበትም ክብ መድረክ አልዞር ብሎ በእጅ ይገፋል። ሃሪሰን የመክፈቻውን ዘፈን ሲጀምር የቆመበት ማይክሮፎን ድምፅ አልነበረውም፤ ወደ ሌላው መሮጥ ግድ ሆነበት። ከረሜላ እንደሚወዱ በጋዜጣ ስለ ተጻፈ፣ ሕዝቡ ከእንግሊዙ ይልቅ ጠንካራ የሆነውን የአሜሪካ ከረሜላ እንደ ጠጠር ያዘንብባቸው ነበር። ተጫዋቹ የራሱን ድምፅ የሚሰማበት ማጉያ በመድረክ ላይ በዚያ ዘመን አልነበረም። ጩኸቱ ከመብዛቱ የተነሣ አንድ ፖሊስ በጆሮዎቹ ጥይት ወትፎ እንደ ነበረ ተጽፏል።

ከዚያ ምሽት 12 ዘፈኖች መካከል ሁለቱ በዓመቱ በዚያው ቀን በለንደን የተቀዱት ናቸው፤ «አይ ሶው ኸር ስታንዲንግ ዜር» እና «ትዊስት ኤንድ ሻውት»። ዘፈኖቹ ያው ናቸው፤ ተጫዋቾቹም ያው ናቸው። የተለወጠው መስማት ነው። በለንደን አራቱ ሰዎች በአንድ ክፍል እየተሰማሙ የሠሩትን፣ በዋሺንግተን አንዱ የሌላውን ትከሻና እግር እያየ፣ በልማድ ብቻ አንድ ላይ ያዘው። በፊልም የቀረው ሥራ ሲታይ ጨዋታው ጉልበትና ደስታ የሞላበት ነው። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ መድረክን እንዲተዉ ያደረጋቸው ምክንያት ግን በዚያ ምሽትም ይታይ ነበር። የማይሰማ ሙዚቀኛ ሊሻሻል አይችልም።

አዳራሹ በሰሜን ምሥራቅ ዋሺንግተን፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ የቆመ ነው። በከተማይቱ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በአጠገቡ ያልፋሉ። ለረጅም ዘመን ተዘግቶና ተጎሳቍሎ ከቆየ በኋላ፣ በ2016 ታድሶ የጉዞና የስፖርት ዕቃ መደብር ተከፈተበት።

የ1965ቱ ፌብሩዋሪ 11 በአጭሩ ሊነገር ይችላል። ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ሪንጎ ስታር የሊቨርፑሏን ፀጉር ሠሪ ሞሪን ኮክስን በለንደን ካክስተን አዳራሽ በማለዳ አገባ። ሰዓቱ ማለዳ የሆነው ሕዝብና ጋዜጠኛ እንዳይደርስባቸው ነው። ሚዜው ሥራ አስኪያጃቸው ብራያን ኤፕስታይን ሲሆን፣ ሌነንና ሃሪሰን ተገኝተዋል፤ ማካርትኒ በቱኒዝያ ለዕረፍት ላይ ነበር። ሙሽሮቹ በደቡብ ጠረፍ ወደሚገኝ ቤት ቢሄዱም ጋዜጠኞች ወዲያው አገኟቸው። በአራተኛው ቀን ጓዱ ወደ ስቱዲዮ ተመለሰ። ሠርግ ከሕዝብ ተደብቆ በጥድፊያ የሚደረግ ነገር ሲሆን፣ የዝናው ዋጋ ምን ያህል እንደ ደረሰ ከዚህ ይታያል።

በ1968 ፌብሩዋሪ 11 እሑድ ዋለች፤ የካቲት 3 ቀን 1960 ዓ.ም.። ጓዱ ወደ ሕንድ አገር ሊሄድ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ኤፕስታይን ከሞተ ስድስት ወር ሊሞላ ነው። በአቢ መንገድ የተሰበሰቡት «ሌዲ ማዶና» ለተባለው አዲስ ሸክላ ማስታወቂያ የሚሆን ፊልም ለመነሣት ነበር። እንደ ልማዱ ቢሆን በተቀዳ ዘፈን ላይ ለይምሰል አፋቸውን እያንቀሳቀሱ ይነሡና ይሄዱ ነበር። ነገር ግን ማካርትኒ፣ ስቱዲዮ ከገባን የእውነት ሥራ እንሥራ የሚል አሳብ አቀረበ። ሌነን ያላለቀ ዘፈን ይዞ ነበር፤ «ሔይ ቡልዶግ» ይባላል። ከቀኑ 10 ሰዓት ተጀምሮ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተጠናቀቀ፤ አሥረኛውም ሙከራ ተመረጠ። የድምፅ ባለሙያው ጂኦፍ ኤመሪክ ነበር።

ሁለቱን ቀኖች ማወዳደር ለባለሙያ ትምህርት ነው። በ1963 በ585 ደቂቃ አሥር ዘፈን፤ በ1968 በ600 ደቂቃ አንድ ዘፈን። በመካከሉ የቴፑ መስመር ከሁለት ወደ አራት አድጓል፤ ደርቦ መቅዳት የዘወትር አሠራር ሆኗል፤ ስቱዲዮው ራሱ እንደ አንድ መሣሪያ መቈጠር ጀምሯል። ይህ ዕድገት እንጂ ውድቀት አይደለም። ሆኖም የዚያን ቀን ፊልም የሚመለከት ሰው ሌላም ነገር ያስተውላል። ካሜራው ፊታቸው ተተክሎ ሳለ አራቱ ሰዎች እንደ ቀድሞው ፊት ለፊት ተያይተው ይጫወታሉ፣ ይቀልዳሉ፣ አንዱ ሲጮኽ ሌላው እንደ ውሻ ይጮኻል፤ ሳቁም በሸክላው ላይ ቀርቷል። ፊልሙ ለሌላው ዘፈን ስለ ዋለ፣ ለ31 ዓመት ያህል ሕዝብ ያየው እጆቻቸው አንድ ዘፈን ሲጫወቱ ጆሮው ሌላ ዘፈን እየሰማ ነው። በ1999 ምስሉ ከራሱ ዘፈን ጋር ተጋብቶ ታየ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ረቡዕ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1970፣ ሌነን በቢ.ቢ.ሲ. ስቱዲዮ «ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ» ለተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት ተቀረጸ። የዘፈነው «ኢንስታንት ካርማ» የተባለውን የራሱን ሥራ ነው። ይህም ዘፈን በጃንዋሪ 27 በአንድ ቀን ተደርሶ በዚያው ሌሊት ተቀድቶ፣ በአሥረኛው ቀን ለገበያ የወጣ ነበር። የ1963ቱ ፍጥነት ተመልሷል ማለት ይቻላል። ነገር ግን በቴሌቪዥኑ በአጠገቡ የነበሩት ባለቤቱ ዮኮ ኦኖ፣ ባስ ጊታር የያዘው ክላውስ ፎርማንና ድራም መቺው አለን ኋይት ነበሩ እንጂ ከሦስቱ የሊቨርፑል ጓደኞቹ አንድም አልነበረም። ሌነን ጓዱን እንደሚለቅ በ1969 ሴፕቴምበር ወር ለጓደኞቹ ነግሯል፤ ሕዝቡ ግን የመለያየቱን ወሬ የሰማው ኤፕሪል 10 ቀን 1970 ነው። በመካከሉ ያለፈችው ፌብሩዋሪ 11 ቤቱ ፈርሶ በሩ ብቻ የቆመበት ቀን ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ሌነን በ1980፣ ሃሪሰን በ2001 ሞቱ። ኖርማን ስሚዝ በ2008፣ ጆርጅ ማርቲን በ2016፣ ጂኦፍ ኤመሪክ በ2018 አረፉ። ዕለቲቱ ግን መመላለሷን አልተወችም። ሃምሳኛው ዓመት በሞላበት በ2013 ፌብሩዋሪ 11 እንደ መጀመሪያዋ ሰኞ ዋለች። ቢ.ቢ.ሲ. ልዩ ልዩ ሙዚቀኞችን፣ ከእነርሱም ስቲሪዮፎኒክስን፣ ጆስ ስቶንንና ሚክ ሐክኖልን፣ በአቢ መንገድ ሰብስቦ የዚያኑ ሸክላ ዘፈኖች በ12 ሰዓት ውስጥ እንዲቀዱ አደረገ። ሁሉም ዝነኞችና ልምድ ያላቸው ናቸው፤ ዜማውንም ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። ነገር ግን ዘፈኖቹን ተከፋፍለው በየተራ ገቡ። አራቱ ወጣቶች ብቻቸውን የተሸከሙትን ለመሸከም ብዙ ትከሻ አስፈለገ።

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦች፤

ዛሬ የድምፅ ባለሙያ በአንድ የኮምፒውተር መሣሪያ ላይ መቶ መስመር ሊከፍት ይችላል። ድምፃዊው በአንድ ከተማ፣ ጊታሪስቱ በሌላ አህጉር ሆኖ፣ ሳይተያዩ አንድ ዘፈን ያወጣሉ። የተሳሳተ ቃና ይቃናል፤ የዘገየ ምት ይስተካከላል። ይህ ሁሉ በረከት ነውና አይነቀፍም፤ በስደትና በሩቅ አገር ተበታትኖ ለሚኖር ሙዚቀኛም በር ከፍቷል። ሆኖም መሣሪያው ሊተካው የማይችለው አንድ ነገር መኖሩን ይህች ዕለት ታስታውሳለች። ስሕተት ሊታረም በማይችልበት ክፍል ውስጥ አንዱ ለሌላው ስለሚጠነቀቅ፣ ሁሉም ለሁሉም ጆሮውን ይሰጣል። መሣሪያው ሁሉን ሊያርም ሲችል ግን ጆሮ መስጠት በፈቃድ ካልሆነ በቀር የሚያስገድድ ነገር የለም።

ስለዚህ ለሙያው የሚቀረው ምክር ቀላል ነው። ከመቅዳት በፊት አብሮ መለማመድ፤ ወደ ስቱዲዮ ሲገባ የሚከፍሉትን ሰዓት ብቻ ሳይሆን ያለፉትን ሰዓታት ይዞ መግባት፤ ድምፅ መቅጃው ክፍል ውስጥ ያለውም ባለሙያ፣ እንደ ኖርማን ስሚዝ፣ ሰዎቹ እንዲሰማሙ አድርጎ ማቆም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ሎሚው ጌጥ የሚሆነው ግን ሃምሳው ሰው በአንድ መንገድ ሲሄድ ነው።

ፌብሩዋሪ 11 በሚመጣው ዓመትም ትመለሳለች። በዚያች ቀን ከማኅበሩ አባላት አንዱ ሥራውን ሲጀምር፣ ማሽኑን ከማብራቱ በፊት አብረውት የሚሠሩትን ሰዎች በአንድ ክፍል አስቀምጦ ጥቂት ቢያዳምጣቸው፣ ዕለቲቱን በሚገባ ዘክሯታል።